ስለ እኛ የተዘፈነው ዘፈን

በአገራችን ልማድ ዘመን ስሙን የሚያገኘው በውስጡ ካለፈው ነገር ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ከብቱን በበሽታ፣ ሰውን በረሃብ የፈጀውን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት፤ ስሙም እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣውን ረሃብ ግን ሕዝቡ ቅጽል እንኳ ሳይጨምርለት በዓመቱ ቍጥር ብቻ ጠራው። «ሰባ ሰባት» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ኢትዮጵያዊ ይገባዋል። በባሕር ማዶ ግን ያው ዓመት የሚታወሰው በዘፈን ነው። እኛ አንገታችንን ደፍተን በዝምታ የምናስበውን ዓመት ሌላው ዓለም ሲያስበው ዜማ ያንጎራጕርበታል። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ሲያሳስበን ስለ ኖረ፣ ስለዚያ ዘፈን ታሪክ፣ ስላደረገው በጎ ሥራና ስለጐደለውም ነገር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመጻፍ ተነሣን።

እኛ ሰባ ሰባትን በዐይናችን ያየን አይደለንም፤ የተወለድነው ከዚያ ወዲህ ነው። የምናውቀውም ከሁለት ወገን የሰማነውን ነው። አንደኛው ወገን ወላጆቻችንና ዘመዶቻችን ናቸው፤ እነርሱም ስለዚያ ዓመት ሲናገሩ ቃላቸው አጭር ነው። ሁለተኛው ወገን ለመንግሥት ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚመጡ የውጭ አገር እንግዶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዕድሜያቸው ከፍ ያለው፣ ጉዳያቸው አልቆ ቡና ሲቀርብላቸው፣ በልጅነታቸው ያን ሸክላ በኪስ ገንዘባቸው እንደ ገዙ ይነግሩናል። ይህን የሚናገሩት በፍቅር ነው፤ ፊታቸውም ይመሰክራል። እኛ ግን ምን ብለን እንደምንመልስላቸው ሁልጊዜ ይቸግረናል። ማመስገን ይገባል፤ እናመሰግናለንም። ነገር ግን ከምስጋናው በኋላ በልባችን ውስጥ ሳይነገር የሚቀር አንድ ነገር አለ። እርሱን ፈልጎ ለማግኘት የነገሩን መነሻ መመልከት ያስፈልጋል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው የፊልም አንሺ መሐመድ አሚን ከኢትዮጵያ ይዘውት የሄዱትን ዜና አሳየ። ፊልሙ የተነሣው ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ነበር። ሕፃናትና ሽማግሌዎች በንጋት ብርድ በሜዳ ላይ ተኮራምተው፣ ሌሊት የሞቱትም በጨርቅ ተከፍነው ይታዩ ነበር። አደጋው ግን በዚያ ቀን የተጀመረ አይደለም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ለለጋሽ አገሮች ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ሰሚው ግን ጥቂት ነበር። በአገር ውስጥም መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር የረሃቡ ነገር በአደባባይ አይነሣም ነበር። ለረሃቡ ምክንያቱ የዝናብ መጥፋት ብቻ እንዳልነበረና ጦርነቱም የመንግሥቱም አሠራር እንዳባባሱት ብዙ ጸሓፊዎች ተናግረዋል። የሞተውም ሰው ከ4 መቶ ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

ያን ፊልም ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የተባለ አይርላንዳዊ ዘፋኝ ነበር። እርሱ ይመራው የነበረው የሮክ ሙዚቃ ጓድ በዚያን ጊዜ ዝናው እየቀዘቀዘ ሄዶ ነበር። የተወለደባት አገር አይርላንድም በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ የድንች ተክሏ በበሽታ ጠፍቶ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በበሽታ ያለቀባት አገር ናት። ጌልዶፍ ሚጅ ዩር ከተባለ ሌላ ሙዚቀኛ ጋራ ሆኖ አንድ ዘፈን ደረሰ፤ የታወቁትንም ዘፋኞች እየዞረ ለመነ። ኅዳር 16 ቀን እሑድ በለንደን ኖቲንግ ሂል በተባለው ሠፈር በሚገኝ ስቱዲዮ ውስጥ እነ ቦኖ፣ እነ ጆርጅ ማይክል፣ እነ ስቲንግ፣ እነ ቦይ ጆርጅ ተሰብስበው ዘፈኑን ዘፈኑት፤ ከበሮውን የመታው ፊል ኮሊንስ ነበር። ሥራው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ስለ ተወሰነ ሌሊቱን ሙሉ ተሠራ። ሸክላው በዚያው በኅዳር ወር መጨረሻ ገበያ ላይ ወጥቶ በእንግሊዝ አገር በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 1 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ኤልተን ጆን በ1990 ዓ.ም. ለልዕልት ዳያና መታሰቢያ ያወጣው ዘፈን እስኪበልጠው ድረስ በዚያ አገር የእርሱን ያህል የተሸጠ ነጠላ ሸክላ አልነበረም። የእንግሊዝ መንግሥት በመጀመሪያ ከሽያጩ ላይ የሚገባኝን ግብር አልተውም ብሎ ነበር፤ የሕዝቡን ቍጣ ባየ ጊዜ ግን በግብር የሰበሰበውን ያህል ገንዘብ መልሶ ለእርዳታው ሰጠ። የመንግሥት ሠራተኞች ለሆንን ሁሉ ይህ ትንሽ ነገር አስተማሪነት አለው።

የዘፈኑ ስም በእንግሊዝኛ «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» ነው፤ ገና መሆኑን ያውቃሉን? ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ የሚከነክነን እዚህ ላይ ነው። ይህ ጥያቄ የተጠየቀው ክርስትናን በአራተኛው ምዕት ዓመት ስለ ተቀበለች አገር ነው። ረሃቡም የጠናበት ወሎ፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ምእመን ለገና በዓል የሚሰበሰብባት ላሊበላ የምትገኝበት ክፍለ ሀገር ነበር። በለንደን ገና ሲከበር በእኛ ዘንድ ቀኑ ታኅሣሥ 16 ነው። ስለዚህ ከኮረም አንድ ካህን ቀርቦ ቢጠየቅ ኖሮ፣ «እናውቃለን፤ ነገር ግን 13 ቀን ይቀረዋል፤ አሁን ጾም ነው» ብሎ በመለሰ ነበር። ከተራቡትም መካከል ገናን የማያከብሩ ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ። ደግሞም ዘፈኑ አገሩን ሁሉ ውሃ እንደሌለው በረሃ አድርጎ ይሥለዋል፤ ተከዜ ግን የሚነሣው ከዚያው ከላስታ ተራሮች ነው፤ የአባይም ውሃ ከደጋችን ወርዶ ሌላውን አገር ሲያለማ ይኖራል። ውሃ ሞልቶ ሲያልፍበት ሰው መራቡ፣ ዝናብና ወንዝ በሌለበት ምድር ከመራብ ይልቅ የከበደና ብዙ የሚያጠያይቅ ነገር ነው። ዘፈኑ ግን ያን ጥያቄ አልጠየቀም።

ይሁን እንጂ በፍርድ መቸኰል አይገባም። እሳት ለማጥፋት የሚሮጥ ሰው የባለቤቱን የዘር ሐረግ አይጠይቅም። ዘፈኑ የተደረሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የለንደንን ሰው ቦርሳውን እንዲፈታ ለማድረግ ነበርና የታሪክና የጂኦግራፊ መጽሐፍ አይደለም ተብሎ ሊከራከሩለት ይቻላል፤ ክርክሩም እውነት አለው። ችግሩ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ዘፈኑ መቅረቱ ነው። ይኸው በየዓመቱ የፈረንጆች ገና ሲደርስ በየሱቁና በየሬዲዮው ይሰማል፤ ሰባ ሰባት አልፎ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ በዘፈኑ ውስጥ ያለችው አገር ግን ከዚያ ከኮረም ሜዳ አልተነሣችም።

አሜሪካኖችም ወንድሞቻቸውን ለመከተል አልዘገዩም። ሃሪ ቤላፎንቴ ሐሳቡን አነሣ፤ ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ዘፈኑን ደረሱ፤ ኲንሲ ጆንስም አቀናበረው። ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት በሆሊውድ በአንድ ስቱዲዮ ከአርባ የሚበልጡ ዘፋኞች ተሰበሰቡ። ኲንሲ ጆንስ በበሩ ላይ፣ የሚገባው ሁሉ ትዕቢቱን በውጭ ትቶ እንዲገባ የሚያሳስብ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር ይባላል። በዚያ ሌሊት የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን ይስቡታል። አንደኛው፣ ስቲቪ ዎንደር በዘፈኑ ውስጥ የስዋሂሊ ቃል እንጨምር ብሎ ክርክር መነሣቱ ነው፤ ጌልዶፍም በዚያ ነበርና ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ አይናገሩም ብሎ አስረዳ። ሁለተኛው፣ ይኸው ስቲቪ ዎንደር የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያት ወደ ስቱዲዮው ገብተው ስለ አገራቸው ሕዝብ ዘፋኞቹን ማመስገናቸው ነው። ብዙዎቹ ዘፋኞች አለቀሱ። ከዚያም ሴቶቹ ወጡ፤ ዘፈኑም ቀጠለ። ሸክላው ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ የእነዚያ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ግን በሸክላው ላይ የለም። ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ በልባችን ሳይነገር የሚቀረው ነገር ምን እንደ ሆነ በመጠኑ ተገለጠልን።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ በሮክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ቀኖች አንዱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን በለንደን የዌምብሌ ስታዲየም ሙዚቃው ተጀመረ፤ በኋላም በአሜሪካ ፊላደልፊያ በጆን ኤፍ. ኬኔዲ ስታዲየም ቀጠለ። በዌምብሌ 72 ሺህ ያህል፣ በፊላደልፊያም ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በሳተላይት አማካይነትም ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ታየ። ኩዊን የተባለው ጓድ ከፍሬዲ መርኩሪ ጋራ ለ20 ደቂቃ ያህል ያሳየው ጨዋታ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ፊል ኮሊንስ በለንደን ዘፍኖ በኮንኮርድ አውሮፕላን ውቅያኖሱን ተሻግሮ በዚያው ቀን በፊላደልፊያ ዘፈነ። ፖል ማካርትኒ በፒያኖ ሲዘፍን የድምፅ ማጉያው ቢበላሽበት ሕዝቡ ተቀብሎ ዘፈነለት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዴቪድ ቦዊ ሥራ ይመስለናል። ቦዊ ከተመደቡለት ዘፈኖች አንዱን ትቶ በዚያ ፈንታ የካናዳ ቴሌቪዥን ያነሣው የረሃቡ ፊልም እንዲታይ አደረገ። ዘፋኝ ለተራበ ሰው ብሎ በዓለም ሁሉ ፊት ከራሱ ዘፈን ሲቀንስ አስቡት። ፊልሙም ከታየ በኋላ የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ጎርፍ ጨመረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል በዚያ ቀን ታየ፤ በጠቅላላው የተሰበሰበው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ሆነ ይነገራል።

በዚያ ቀን በሁለቱ መድረኮች ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ አልቆመም። እንዲህ መሆኑ ግን ግድ አልነበረም። ከዚያ 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ጆርጅ ሃሪሰን በኒው ዮርክ ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኮንሰርት ባዘጋጀ ጊዜ መድረኩን የከፈተው ራሱ የቤንጋል ዘር የሆነው ራቪ ሻንካር ነበር፤ ነገሩንም ለሃሪሰን አስቀድሞ የነገረውና የለመነው እርሱ ነው። ሕዝቡ ሲታሩን ሲቃኝ ሰምቶ ዘፈኑ ያለቀ መስሎት እንዳጨበጨበ በሸክላው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። አለማወቁ አለ፤ ነገር ግን አላዋቂው በፊቱ የሚያዳምጠው ሰው ነበረው።

ዘፈንና ምጽዋት በእኛም አገር አብረው የኖሩ ነገሮች ናቸው። ላሊበላ የሚባሉት ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው ያዜማሉ፤ ባለቤቱ የሰጣቸውን ተቀብለው መርቀውት ይሄዳሉ። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በዜማ ነው። በዚህ ሥርዓት ድምፁ የተቸጋሪው ነው፤ የሰጪው ድርሻ ከመኝታው ተነሥቶ ማዳመጥና መስጠት ነው። ተቀባዩም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ዜማና ምርቃት ይዞ መጥቷል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሰጥተው ሁለቱም ተቀብለው ይለያያሉ። በለንደንና በሆሊውድ የሆነው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ሰጪው ራሱ ዘፈነ፤ ራሱ ሰጠ፤ ራሱም ዘፈኑን ሰምቶ አለቀሰ። ተቀባዩ እህሉን ተቀበለ፤ አፉ ግን የሚበላበት እንጂ የሚናገርበት መሆኑ አልታወቀለትም። በልባችን ይቀር የነበረው ነገር ይህ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ የወሎ ሰው አሉ። በሰባ ሰባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነው ከእናታቸውና ከሁለት ታናናሾቻቸው ጋራ በመጠለያ ከርመዋል፤ ከታናናሾቻቸው አንዱ ከዚያ አልተመለሰም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዘፈኑን በስልካችን ከፍተን አሰማናቸው፤ ቃሉንም ተረጐምንላቸው። ጋሼ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብለው አዳመጡና፣

«ስንዴውን በልቻለሁ፤ ዘፈኑን ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አሉን።

እኛም ቅር ብሏቸው እንደ ሆነ ጠየቅናቸው።

«ለምን ቅር ይለኛል? ያ ስንዴ ባይመጣ እኔ ዛሬ ከእናንተ ጋራ አልቀመጥም ነበር። እግዜር ይስጣቸው። ብቻ እናቴ በዚያ መጠለያ ሌሊት ሌሊት ታንጎራጕርልን ነበር፤ ብርዱ እንዳይሰማን። ሌሎቹም እናቶች እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትቀበላለች። ያን ሁሉ ካሜራ ይዘው ሲመጡ ያን ዜማ አልሰሙትም እንዴ?»

ከዚህ በኋላ ሻያቸውን ጠጥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኛም የሚሉትን አጥተን ቀረን።

ሆኖም ኢትዮጵያ ዝም ብላ ተቀብላ ዝም ብላ አልቀረችም። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለ ታላቅ የኪነት ቡድን ተቋቁሞ፣ ከየቴአትር ቤቱና ከየክፍሉ የተውጣጡ ዘፋኞች፣ ተወዛዋዦችና ሙዚቀኞች በረሃቡ ጊዜ የረዱትን አገሮች ለማመስገን አውሮፓንና አሜሪካን ዞሩ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዘው፣ የየብሔረሰቡን ዘፈንና ጭፈራ አሳዩ። ቡድኑን የላከው መንግሥት የራሱ ዓላማ እንደ ነበረው የታወቀ ነው፤ በመድረኩ ላይ የታየው ግን የመንግሥት ሥራ ብቻ አልነበረም። ተቀባዩ በሰጪው ደጅ ቆሞ ዜማውን አሰማ፤ ምርቃቱንም አደረሰ። በአገራችን የዚያ ጕዞ ፊልም በየቤቱ ታይቷል፤ ዛሬም ያዩት ሰዎች በናፍቆት ያነሡታል። ሐምሌ 6ን ግን ዓለም ሁሉ ሲያውቀው «ሕዝብ ለሕዝብ»ን ከእኛ በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ከእኛም ወጣቶች ውስጥ ጌልዶፍን የሚያውቁ፣ ይህን ጕዞ ግን ሰምተው የማያውቁ ብዙ ተማሪዎች አጋጥመውናል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ እንመልከት። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ጌልዶፍ በሃይድ ፓርክ ሌላ ታላቅ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ፣ በዚያ በካናዳ ፊልም ውስጥ ለሞት ተቃርባ የታየችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ አድጋ፣ በግብርና ትምህርት ሠልጥና በመድረኩ ላይ ቆመች።  በዚያው ቀን ግን የአፍሪካ ሙዚቀኞች የሚበዙት ከለንደን ርቆ በኮርንዎል በተዘጋጀ ሌላ መድረክ ላይ እንዲጫወቱ ስለ ተደረገ ብዙ ወቀሳ ተነሣ። በ2007 ዓ.ም. ዘፈኑ ለኢቦላ በሽታ እንደገና ሲዘፈን የጋና ዘር የሆነው ፊውዝ ኦዲጂ አልዘፍንም አለ፤ የአፍሪካን መልክ ያጐድፋል ብሎ ነው። በ2017 ዓ.ም. የዘፈኑ 40ኛ ዓመት ሲከበርም ኤድ ሺራን፣ ቀድሞ የዘፈነው ድምፁ በአዲሱ ቅንብር ውስጥ መግባቱን ፈቃዱን ቢጠይቁት ኖሮ እንደማይፈቅድ ተናገረ። ጌልዶፍ በበኩሉ ዘፈኑ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የሚያሳዝነው ክርክሩም እንደ ዘፈኑ በለንደን መካሄዱ ነው።

እኛ ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ውለታ አንርሳ። የኪስ ገንዘቡን ለማያውቀው ሕፃን የሰጠ የማንቸስተር ወይም የደብሊን ልጅ በደል የለበትም፤ ምስጋና እንጂ ትችት አይገባውም። ሁለተኛ፣ ስለ እኛ የተዘፈነውን እንደ መልካችን አድርገን አንቀበል። ሦስተኛውና ዋናው፣ የራሳችንን ድምፅ እናቆይ። ጥላሁን ገሠሠ «ዋይ ዋይ ሲሉ» በተባለው ዘፈኑ ስለ ተራበ ወገኑ ያዜመውን፣ የ«ሕዝብ ለሕዝብ»ን ጕዞ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያን ጊዜ የነበሩ እናቶች በየመጠለያው ያንጎራጐሩትን ዜማ የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን እየላኩ ቢያስጽፉና ቢያስቀርጹ ታላቅ ሥራ ይሆናል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ተማሪ፣ አንድ ስልክና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃሉ። ጋሼ የእናታቸውን ዜማ ሊያሰሙን ቃል ገብተውልናል፤ ድምፄ ሲሻለኝ ነው ብለዋል፤ እኛም መቅጃችንን አዘጋጅተን እንጠብቃቸዋለን።